ፎቶ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ማስተላለፍ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስልክ ሲሞላ፣ ስክሪን ሲሰነጠቅ ወይም አዲስ ስልክ ሲገዛ ሁሉም ሰው ላፕቶፕ ፍለጋ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ያው ናቸው። በብዛት የሚነሱትን እዚህ ሰብስቤያለሁ። መልሶቹ በዋናነት ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላላችሁ ነው፤ ለማክ ታች ላይ አንድ ጥያቄ አለ።

ስልኬን በኬብል ሰካሁት። ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ኮምፒውተሩ ላይ አይመጣም። ለምን?

መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። ዩኤስቢ ኬብል ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ሽቦዎች ሌላ፣ ዳታ የሚያስተላልፉት ሌላ ናቸው። ርካሽ ኬብሎች፣ በተለይ ከፓወር ባንክና ከጆሮ ማዳመጫ ጋር የሚመጡት፣ ብዙ ጊዜ የዳታ ሽቦ የላቸውም። ባትሪው ይሞላል፤ ፎቶ ግን አንድም አያልፍም። ከስልኩ ካርቶን የወጣውን ኬብል ፈልጉ፤ ከሌለ ፋይል ሲያስተላልፍ ያያችሁትን ተዋሱ። ስትገዙም «ዳታ ያስተላልፋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩ አዎ ማለቱ አይቀርም፤ ከተቻለ እዚያው ሞክሩት።

ኬብሉ ደህና ከሆነ ጉዳዩ ስልኩ ጋ ነው። አንድሮይድ ሲሰካ ሆን ብሎ ቻርጅ ብቻ ላይ ይቆማል። ስክሪኑን በፓተርን ወይም በፒን ክፈቱ። ከላይ ወደ ታች ሳቡና ስለ ዩኤስቢ የሚያወራውን ኖቲፊኬሽን ንኩት። ከምርጫዎቹ «ፋይል ትራንስፈር» የሚለውን ምረጡ። አንዳንድ ስልክ ላይ «ትራንስፈሪንግ ፋይልስ» ወይም «ኤምቲፒ» ይለዋል። ያኔ ኮምፒውተሩ ላይ «ዚስ ፒሲ» ውስጥ የስልኩ ስም ብቅ ይላል። ስሙ መጥቶ ውስጡ ባዶ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑ ተቆልፎባችኋል ማለት ነው፤ ክፈቱት።

በየቀኑ የምታስተላልፉ ከሆነ ይህን ምርጫ ቋሚ ማድረግ ይቻላል። ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ስትነኩት «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይከፈታል። እዚያ «ዲፎልት ዩኤስቢ ኮንፊገሬሽን» የሚል አለ። እኔ ግን እንዳለ ብትተዉት እመርጣለሁ። ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ቻርጅ ልታደርጉ ብትሰኩት ኮምፒውተሩ ፎቶዎቻችሁን እንዳያይ የሚከለክለው ይኸው ነው።

ስልኩ ተከፈተልኝ፤ ግን ውስጡ የፎልደር ጫካ ነው። ፎቶዎቼ የት ናቸው?

በካሜራው ያነሳችኋቸው «ዲሲአይኤም» በሚለው ፎልደር ውስጥ፣ «ካሜራ» በሚለው ስር ናቸው። ስሙን የስልክ አምራቾች አልፈጠሩትም። የጃፓን ካሜራ ሰሪዎች በ1998 እ.ኤ.አ. ካወጡት የፋይል አደረጃጀት ደረጃ የመጣ ነው። ለዚህ ነው ሳምሰንግም፣ ቴክኖም፣ አይፎንም፣ የፎቶ ቤቱ ትልቅ ካሜራም ያንኑ ስም የሚጠቀሙት።

ሜሞሪ ካርድ ያለው ስልክ ላይ ሁለት ቦታ ይታያችኋል፤ የስልኩ የራሱ ሜሞሪና ካርዱ። «ዲሲአይኤም» ሁለቱም ላይ ሊኖር ይችላል። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ወስዶ «ግማሹ ጠፋብኝ» ይላል።

ስክሪንሾት እንደ ስልኩ ዓይነት «ዲሲአይኤም» ወይም «ፒክቸርስ» ውስጥ ነው። ከቴሌግራም ወደ ጋለሪ ሴቭ ያደረጋችሁት «ፒክቸርስ» ውስጥ «ቴሌግራም» በሚል ፎልደር ይቀመጣል። የዋትስአፕ ትንሽ ራቅ ያለ ነው። «አንድሮይድ»፣ ቀጥሎ «ሚዲያ»፣ ቀጥሎ የዋትስአፕ ስም ያለበት ፎልደር፣ ከዚያ «ዋትስአፕ»፣ እንደገና «ሚዲያ»፣ በመጨረሻ «ዋትስአፕ ኢሜጅስ»። አሰልቺ መንገድ ነው፤ ግን አትዝለሉት። እናንተ የተነሳችሁባቸውና ሌላ ሰው የላከላችሁ የሰርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ፎቶዎች ያሉት እዚያ ነው።

ኮፒ ላድርግ ወይስ ከት?

ኮፒ። ሁልጊዜ ኮፒ።

ከት ስታደርጉ ኮምፒውተሩ እያስተላለፈ ከስልኩ ላይ ያጠፋል። መሃል ላይ ኬብሉ ቢነቀነቅ፣ መብራት ቢሄድ፣ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ቢጠፋ፣ የትኛው ፎቶ የት እንደቀረ ማወቅ ፈተና ነው። ኮፒ ከሆነ ግን ዋናው ስልኩ ላይ አለ። መብራት ሲመጣ እንደገና ትጀምራላችሁ። «ይህ ፋይል አስቀድሞ አለ» ብሎ ሲጠይቃችሁ ዝለለው ብትሉት ያለፉትን ይተዋቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ መብራቱ ሲሄድ በመተላለፍ ላይ የነበረው የመጨረሻው ፋይል ግማሹ ብቻ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። እሱን ኮምፒውተሩ ላይ አጥፉትና እንደ አዲስ ይምጣ።

ሺህ ፎቶ ባንድ ጊዜ አትጎትቱ። በዚህ ዓይነት ግንኙነት ዊንዶውስ ከስልክ ጋር የሚነጋገረው እያዘገመ ነው፤ መስኮቱ ላይ አረንጓዴው መስመር ቆሞ ይቀርና ሰው ተናዶ ይነቅለዋል። ሁለት ሦስት መቶ እያደረጋችሁ ውሰዱ። ስልኩንም በዚያ ሰዓት ቲክቶክ አትክፈቱበት።

ሲያልቅ ቆጠራ አለ። ስልኩ ላይ ያለውን ፎልደር ክፈቱና ኮንትሮልን ከኤ ጋር ተጫኑ፤ መስኮቱ ታችኛው ጠርዝ ላይ ስንት ፋይል እንደተመረጠ ይጻፋል። ኮምፒውተሩ ላይም እንዲሁ አድርጉ። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉና ከመጨረሻው ጥቂት ፎቶ ከፍታችሁ እዩ። ትንሿ ምስል መታየቷ አይበቃም፤ ፎቶው ሙሉ ሆኖ ይከፈት። ከዚህ በኋላም ከስልኩ ላይ ለመሰረዝ አልቸኩልም። ላፕቶፑ ላይ ብቻ ያለ ፎቶ ያው አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፎቶ ነው። ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ከተቀመጠ በኋላ ስልኩን አጽዱት።

አይፎን ስሰካ ፎልደሩ ባዶ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ግማሹን ብቻ ያሳያል።

ስክሪኑን ክፈቱና «ትረስት ዚስ ኮምፒውተር» ብሎ ሲጠይቅ «ትረስት» በሉት። ጥያቄው አምልጧችሁ ከሆነ ነቅላችሁ መልሳችሁ ስኩት። ጨርሶ ካልታየ ከማይክሮሶፍት ስቶር «አፕል ዲቫይስስ» የሚለውን ነጻ አፕ ጫኑ።

ግማሹ ብቻ ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። ስልኩ «ኦፕቲማይዝ አይፎን ስቶሬጅ» ላይ ከሆነ ዋናዎቹ ፎቶዎች አይክላውድ ላይ፣ ማለትም የአፕል የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ ናቸው፤ ስልኩ የያዘው ትንንሽ ምስል ነው። ኬብል የሌለውን ነገር ሊያወጣ አይችልም። ወይ በዋይፋይ ሆናችሁ «ዳውንሎድ ኤንድ ኪፕ ኦሪጅናልስ» የሚለውን መርጣችሁ እስኪወርድ ጠብቁ፣ ወይ ኮምፒውተሩ ላይ ከአይክላውድ ድረ ገጽ ቀጥታ አውርዱ። ስልኩ ሞልቶ ከሆነ ሁለተኛው ይሻላል፤ የመጀመሪያው ቦታ ይፈልጋል።

ከአይፎን ያመጣሁት ፎቶ ኮምፒውተሬ ላይ አይከፈትም። መጨረሻው «ኤችኢአይሲ» ይላል።

አልተበላሸም። አፕል ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ቦታ ለመቆጠብ የሚጠቀምበት የፎቶ ዓይነት ነው። ከማይክሮሶፍት ስቶር «ሂፍ ኢሜጅ ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ነጻ ማሟያ ጫኑ፤ ካልበቃ «ኤችኢቪሲ ቪዲዮ ኤክስቴንሽንስ» የሚለውም ያስፈልጋል። ከእንግዲህ የምታነሷቸው በጄፔግ፣ ሁሉም ኮምፒውተር በሚከፍተው በተለመደው ዓይነት፣ እንዲሆኑ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሴቲንግ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ፣ ከዚያ «ሞስት ኮምፓቲብል»። ፎቶ ቤት አዘውትራችሁ የምታሳጥቡ ከሆነ ይህን አድርጉት። በነባሩ ዓይነት ስትሰጧቸው «አይከፍትም» ብለው የሚመልሱ ብዙ ናቸው።

ከአይፎን ኮፒ ሳደርግ መሃል ላይ «ዲቫይሱ አይሠራም» የሚል መልእክት እየመጣ ይቋረጣል።

ስልኩ ጤነኛ ነው። በመደበኛው አሠራር አይፎን ፎቶውን እየቀየረ፣ ወደ ጄፔግ እየገለበጠ ነው የሚልከው፤ መሃል ላይ ሲደናቀፍ ያንን መልእክት ያመጣል። ሴቲንግ ውስጥ «ፎቶስ» ግቡ፤ በአዲሶቹ ሲስተሞች መጀመሪያ «አፕስ» የሚለውን ትከፍታላችሁ። ታች ድረስ ውረዱ። «ትራንስፈር ቱ ማክ ኦር ፒሲ» የሚለው ስር ከ«ኦቶማቲክ» ወደ «ኪፕ ኦሪጅናልስ» ቀይሩ። ነቅላችሁ ስኩ። አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይፈታል።

ማክ አለኝ።

አይፎን ከሆነ «ፎቶስ» ወይም «ኢሜጅ ካፕቸር» የሚሉት አፖች ማኩ ላይ አሉ፤ ለጥቂት ፎቶ ያለ ኬብል የሚልከው የአፕል ኤርድሮፕ ይበቃል። አንድሮይድ ግን ማክ ላይ ዝም ብሎ አይከፈትም። ድሮ የጉግል «አንድሮይድ ፋይል ትራንስፈር» ነበር፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ቀርቷል። «ኦፕንኤምቲፒ» የሚባለው ነጻ አፕ ቦታውን ይሸፍናል።

ለምን እለፋለሁ? በቴሌግራም ለራሴ ልኬ ኮምፒውተር ላይ አላወርደውም?

ሁሉም የሚያደርገው ነው። አስር ፎቶ ከሆነ እኔም አደርገዋለሁ። ችግሩ አላላኩ ላይ ነው።

ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ቴሌግራም ይጨምቀዋል። በተለምዶ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ያወርደዋል። የስልካችሁ ካሜራ 12 ሜጋፒክሰል ከሆነ ዋናው ፎቶ 4000 በ3000 ገደማ ነበር። ስልክ ላይ ስታዩት ልዩነቱ አይታይም፤ ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ብታሳጥቡት እንደምንም ያልፋል። የእናታችሁን ፎቶ በኤ4 አሳትሜ ሳሎን ልስቀል ስትሉ ግን ጥራት ያለው ኅትመት በረጅሙ ጎን 3500 ፒክሰል ገደማ ይፈልጋል። ፊቷ ደብዝዞ፣ የጥለቱ ጥልፍ ተደባልቆ ይወጣል። ይህን ደግሞ አታሚው ሊያስተካክለው አይችልም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የማያያዣዋን ምልክት ስትነኩ ከታች «ጋለሪ» እና «ፋይል» ይመጣሉ። «ፋይል» ውስጥ ግቡ። እዚያም «ጋለሪ» የሚል አለ፤ ከሥሩ ፎቶን ሳይጨመቅ ለመላክ እንደሆነ ይጽፋል። በዚያ በኩል «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ ላኩትና ኮምፒውተሩ ላይ አውርዱት። አንዱ ፋይል እስከ 2 ጂቢ ድረስ ይሄዳል። ዋትስአፕም ላይ «ዶኪውመንት» አድርጎ መላክ ይቻላል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ «ፎቶውን ላኩልኝ» ሲል የሚላክለት ብዙ ጊዜ የተጨመቀው ነው። እሱ አሳትሞ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ነው የጠየቀው። በፋይል ላኩለት። ሌላው ጣጣ ፓኬጅ ነው፤ 3 ጂቢ ፎቶ ወደ ላይ ሰቅሎ 3 ጂቢ መልሶ ማውረድ 6 ጂቢ ዳታ ነው። ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው!

እሺ፣ ያለ ኬብልም ያለ ዳታም መንገድ አለ?

አለ። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ እርስ በርስ መነጋገር ይችላሉ፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ዋይፋይ ከሌለ የአንድሮይድ ስልኩን ሆትስፖት ክፈቱ፣ ሞባይል ዳታውን አጥፉ፣ ላፕቶፑን አገናኙ። «ሎካልሴንድ» የሚባለውን ነጻ አፕ ግን ኢንተርኔት ባለበት አስቀድማችሁ ሁለቱም ላይ ጫኑ። ለአንድሮይድ፣ ለአይፎን፣ ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ አለ፤ ማስታወቂያ የለውም። ላኪው ላይ ፎቶዎቹን መርጣችሁ የተቀባዩን ስም መንካት ብቻ ነው።

አንድሮይድና ዊንዶውስ ላይ «ክዊክ ሼር»ም ጥሩ ነው። የጉግል «ኒርባይ ሼር» እና የሳምሰንጉ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተዋሕደው አንድ ስም ይዘዋል። ዜንደርና ሼርኢት ላይ ያደግን ብዙ ነን። ይሠራሉ፤ ግን የማስታወቂያው ብዛት ያሳክካል፤ ሳታውቁ ሌላ አፕ እስከመጫን ያደርሳል።

ብሉቱዝ? ለአንድ ሁለት ፎቶ ይሁን። አምስት መቶ ፎቶ በብሉቱዝ ብትጀምሩ ምሳ በልታችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ ስትመለሱም አላለቀም።

ጉግል ፎቶስ ላይ ሁሉም አለ። ታዲያ ኮምፒውተር ምን ያደርጋል?

ሁሉም መኖሩን አረጋግጡ። ያልተገደበው ነጻ ቦታ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቀርቷል። አሁን 15 ጂቢ ነው፤ እሱንም ጂሜይልና ድራይቭ ይካፈሉታል። ሲሞላ ባክአፑ ይቆማል። ማስጠንቀቂያው ይመጣል፤ ሰው «ኋላ አየዋለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። ከዓመት በኋላ ስልኩ ሲጠፋ የዓመቱ ፎቶ የለም።

ሌላም አለ። ጉግል ፎቶስ አፕ ውስጥ ፎቶ ስትሰርዙ ከስልኩም ከአካውንቱም ነው የሚሰርዘው። ስልኩ ላይ ብቻ ቦታ ለማስለቀቅ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጠቀሙ። ተሳስታችሁ ከሆነ ቶሎ «ትራሽ» ውስጥ እዩ፤ ባክአፕ የነበረው ለ60 ቀን ይቆያል። ሁሉንም ባንዴ ወደ ኮምፒውተር ለማውረድ «ጉግል ቴክአውት» የሚባል አለ። ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት፣ ሌሊት ላይ አድርጉት።

ፎቶ ለማሳጠብ ፍላሼን ሰጥቼ ስመልሰው ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆኑ። ፎቶዎቼ ጠፉ?

አይ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው። ከብዙ ሰው ፍላሽ ጋር የሚገናኝ ኮምፒውተር ቫይረስ ይዞ ይገኛል። ይኼኛው ዋናዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሾርትከቶች ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ስትከፍቱት ቫይረሱ የእናንተም ኮምፒውተር ላይ ይገባል። ስለዚህ አትክፈቱት።

መጀመሪያ ፍላሹን በዊንዶውስ ሴኩሪቲ ስካን አድርጉ። ቀጥሎ የፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ። «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይም ምልክቱን አንሱ፤ ቫይረሱ ብዙ ጊዜ የሚደብቃቸው በዚህ በኩል ስለሆነ የመጀመሪያው ብቻ አይበቃም። ፎልደሮቹ ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት።

ለወደፊቱ፣ የቤተሰቡ ሁሉ ፎቶ ያለበትን ፍላሽ ለማንም አትስጡ። የሚታጠቡትን ብቻ ሌላ ፍላሽ ላይ አድርጉ። ሜሞሪ ካርድ ከሆነ የምትወስዱት፣ ትንሿ ካርድ የምትገባበት ትልቁ አዳፕተር ጎኑ ላይ «ሎክ» የሚል ትንሽ ተንሸራታች አለው። ወደ ታች ሳቡት፤ የካርድ ማንበቢያው ከታዘዘለት ኮምፒውተሩ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም።

ፍላሹ ላይ ቦታ አለ፤ ግን አንድ ትልቅ ቪዲዮ አልቀበልም ይላል።

ፍላሹ ፎርማት የተደረገው «ፋት32» በሚባለው ዓይነት ነው። አንድ ፋይል ከ4 ጂቢ ካለፈ አይወስድም። ውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አድርጋችሁ በ«ኤክስፋት» ፎርማት አድርጉት።

ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ላይ ያሉ ፎቶዎች ይወጣሉ?

የሚወሰነው ምን እንደተሰበረ ነው። ይታያል ግን ንክኪ አይሠራም? ኦቲጂ የምትባለዋን ትንሽ ማገናኛ ግዙና የኮምፒውተር ማውስ ስልኩ ላይ ሰኩ። ቀስት ብቅ ይላል፤ ፓተርኑን በማውሱ ጎትታችሁ ትከፍታላችሁ። ስልኩ አንድ ቀዳዳ ስላለው ማውሱንና የኮምፒውተሩን ኬብል ባንዴ መሰካት አይቻልም፤ በማውሱ ከፍታችሁ በክዊክ ሼር ወይም በሎካልሴንድ አውጡ። የብሉቱዝ ማውስ ካላችሁ ካገናኛችሁት በኋላ ቀዳዳው ለኬብሉ ነጻ ይሆናል።

ስክሪኑ ጨርሶ ከጠቆረ ሜሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ እዩ። ፎቶ ወደ ካርዱ እንዲሄድ አድርጋችሁ ከነበረ ተገላገላችሁ። ካልሆነ በሌላ መሣሪያ ጉግል ፎቶስ ውስጥ ግቡ። እሱም ከሌለ ስክሪን ማስቀየር ነው። ንክኪው ሳይሠራ በጣት አሻራ የሚከፈት ከሆነ ስልኩን አታጥፉት፤ ጠፍቶ ሲበራ መጀመሪያ ፒን ይጠይቃል፣ አሻራ አይቀበልም።

ከኮምፒውተር ወደ ስልክስ?

አንድሮይድ ላይ ያው መንገድ ነው፤ «ፒክቸርስ» ውስጥ ፎልደር ፍጠሩና ለጥፉበት። አይፎን በኬብል እንዲህ አይቀበልም። በ«አፕል ዲቫይስስ» ሲንክ ማድረግ፣ በአይክላውድ ወይም በሎካልሴንድ መላክ ነው ያለው።

ፎቶዎቹ ኮምፒውተር ላይ ቀናቸው ተዘበራረቀ።

የተነሱበት ቀን ፎቶው ውስጥ ተጽፏል። ዊንዶውስ የሚያሳያችሁ ግን ኮፒ የተደረጉበትን ሊሆን ይችላል። አደራደሩን «ዴት ቴክን» በሚለው ቀይሩት። እንደ ፎቶ በቴሌግራም የተላከ ግን ያ መረጃ ተገፎ ነው የሚመጣው፤ በፋይል ለመላክ ሌላ ምክንያት ይኸውላችሁ።

የፋይሉ ስምም ይረዳል። 20250119 ብሎ የሚጀምር ፎቶ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ነው፤ በእኛ ጥር 11 ቀን 2017፣ ጥምቀት። እኔ ፎልደሮቼን «2017-05 ጥምቀት» እያልኩ ነው የምሰይማቸው። ዓመቱና የወሩ ቁጥር ከፊት ከሆነ በራሱ በተርታ ይቆማል። የእኛንና የፈረንጁን ዓመት ግን አትቀላቅሉ፤ አንዱን ያዙ።

ፎቶዎቹን አውጥቻለሁ፤ ስልኩን ልሸጠው ነው። መሰረዝ ይበቃል?

አይበቃም። አንድሮይድ ከሆነ ከጉግል አካውንቱ ውጡ፤ ከዚያ ከሴቲንግ ውስጥ ፋክተሪ ሪሴት አድርጉ። ሳትወጡ የጎን ቁልፎቹን ተጭናችሁ ብታጸዱት ገዢው ሲከፍተው የእናንተን ጂሜይል ይጠይቀዋል፤ ስልኩን ይዞ ይመለሳል። አይፎን ላይ መጀመሪያ «ፋይንድ ማይ» ይጥፋ፣ ከአፕል አካውንቱ ይወጣ፤ ከዚያ እሱም ሪሴት ይደረግ። ሜሞሪ ካርዱን አብራችሁ አትሽጡ። ከካርድ ላይ የተሰረዘ ፎቶ በነጻ ሶፍትዌር ተመልሶ ሊወጣ ይችላል፤ አዲስ ካርድ መግዛት ይቀላል።